ገመናን በመረብ ላይ ስለ መጠበቅ



የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን፣ ሰው በኢንተርኔት ላይ የሚያነበውንና የሚጽፈውን ከማይመለከተው ዓይን ለመጠበቅ፣ ሲያስፈልገውም ስሙንና ያለበትን ስፍራ ሳይገልጥ ለመመላለስ ይችል ዘንድ፣ ኮምፒዩተሩን በምን ሥርዓት ማሰናዳት እንደሚገባው የሚያስረዳ ነው። ጉዳዩ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ቢሆንም፣ ንግግራችንን ያቀናነው በተለይ በድባጤና በአካባቢዋ፣ በቡለን፣ በማንዱራ፣ በወንበራ፣ እንዲሁም በግልገል በለስ ለምትኖሩ የመተከል አድማጮቻችን ነው፤ ከዐባይ ማዶ በአሶሳና በካማሺ ያላችሁም ብትሆኑ ኑሯችሁ ከዚህ የራቀ አይደለምና አብራችሁ እንድትከታተሉን እንለምናለን። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት መመሪያዎች ዘወትር የሚናገሩት የራሱ ክፍል፣ የራሱ ኮምፒዩተር፣ የራሱም መስመር ላለው የትልቅ ከተማ ሰው ሲሆን፣ በትንሽ ከተማ ውስጥ ግን አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው የሚያገለግል፣ ተጠቃሚውም ባለቤቱም ጎረቤቱም እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ስለ ሆነ፣ ምክሩ እንዳለ ቢወሰድ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ መልስ ማግኘት ይገባዋል፤ ይኸውም በልቡ ክፋት የሌለበት ሰው የሚሰውረው ምን አለው የሚለው፣ ከብዙ ሰው አንደበት የሚሰማው ጥያቄ ነው። የንስሐ ልጅ ለነፍስ አባቱ የተናዘዘው ነገር በአደባባይ አይወራም፤ ሐኪምም የሕመምተኛውን ምሥጢር ለጎረቤት አይነግርም፤ ይህ ሁሉ የሚጠበቀው የተናገረው ሰው ወንጀለኛ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የሰው ክብር እንዲህ ያለውን ጥበቃ ስለሚጠይቅ ነው። የአገራችንም ሕግ ይህን የተረዳው ዛሬ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. በሰጡት የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ ሕግ ከወሰነው ምክንያት በቀር የኢትዮጵያዊን ደብዳቤ ከፍቶ ለመመልከት ለማንም መብት እንዳልተሰጠ በ26ኛው አንቀጽ ተደንግጎ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር የሰዎች መጻጻፍ በምርመራ ሥር እንዳይወድቅ አጸና። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ፣ ቁጥሩ ከጥንቱ ጋር ገጥሞ፣ በዚያው በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መብት ሲያውጅ፣ በፖስታ የሚላከውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ ከመደፈር ጠብቆታል፤ መብቱ ሊገደብ የሚችለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲኖር፣ ይኸውም ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ይህን ለመሰሉ ዓላማዎች ብቻ መሆኑን ገልጿል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን ስም፣ ስልክ፣ የጤና ታሪክና ይህን የመሰለውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለተጠቀሰ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ስለዚህ ገመናውን ለመጠበቅ የሚደክም ሰው ከሕግ የሚሸሽ ሳይሆን፣ ሕግ የሰጠውን በገዛ እጁ የሚያጸና ነው ብለን እናምናለን። ሕግ የተበደለውን የሚክሰው ከተበደለ በኋላ መሆኑንም አንዘንጋ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ኮምፒዩተሩን ከመንካታችን በፊት ከማን እንደምንሰወር በልቡናችን መወሰን አለብን። ከእኛ ቀጥሎ በዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አንድ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ሌላ ነው፤ መስመሩን የሚያቀርበው የቴሌኮም ድርጅት፣ የምንጎበኘው ድረ ገጽ፣ በመጨረሻም ተንኮለኛ ፕሮግራም በኮምፒዩተራችን ውስጥ የሚያሰፍር ጠላት፣ ሁሉም የየራሳቸው ዓይን አላቸው፤ ለአንዱ የሚሆነው መከላከያም ለሌላው ምንም አይደለም። ይህን ሳይለዩ መሣሪያ መሰብሰብ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በእኛ አካባቢ ብዙውን ሰው የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው። ዲቪ ለመሙላት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ለማየት ወይም የሥራ ማመልከቻ ለመላክ ወደ ኮምፒዩተር ቤት የሚሄድ ወጣት፣ ፎቶግራፉን፣ የልደት ቀኑን፣ የእናቱን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የኢሜይሉን የይለፍ ቃል እዚያው ትቶ ይወጣል፤ ብሮውዘሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅ በችኮላ እሺ ይለዋል፤ ከፍላሽ የተገለበጠው የምስክር ወረቀትም በዴስክቶፑ ላይ ለወራት ይቀመጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፋየርፎክስ የግል መስኮት፣ በክሮም ደግሞ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፤ ስትጨርሱ ከገባችሁበት አካውንት ውጡ፤ መስኮቱን ዝጉ፤ የገለበጣችሁትን ፋይል ከነቆሻሻ መጣያው አጥፉ። ነገር ግን ይህ መስኮት የሚያደርገው የጎበኛችኋቸውን ገጾች ዝርዝርና ኩኪ የሚባሉትን ምልክቶች በዚያ ኮምፒዩተር ላይ አለማስቀመጥ ብቻ መሆኑን እወቁ፤ ከቴሌኮሙም ሆነ ከድረ ገጾቹ ፈጽሞ አይሰውራችሁም። ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቷል፤ በአሜሪካም ተጠቃሚዎች ጉግልን ስለዚህ ጉዳይ ከስሰውት፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 በኢንኮግኒቶ መስኮት ስለ ሠሩ ሰዎች የሰበሰበውን ብዙ መዝገብ ለማጥፋት ተስማምቷል።

ሌላው ዓይን በመስመሩ ላይ ያለው ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ አይ ፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ ይሰጠዋል፤ በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ያ አድራሻ በስማችሁና በመታወቂያችሁ ከተመዘገበው ሲም ካርድ ጋር ይያያዛል። የድረ ገጹ አድራሻ በኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ የሚጀምር ከሆነ፣ የምትጽፉትና የምታነቡት በምስጠራ የተቆለፈ ስለሚሆን መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት ቃላችሁን አያይም፤ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደ ሄዳችሁና በስንት ሰዓት እንደ ሄዳችሁ ግን ለማወቅ ይችላል። ስለዚህም በፋየርፎክስ ማስተካከያ ውስጥ፣ ብሮውዘሩ በኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ ብቻ እንዲሄድ የሚያዘውን ምርጫ ማብራት፣ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ ይሁን።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን በተዘጉበት ወራት፣ ስለ ምሥጢራዊነት አስቦ የማያውቀው ሰው ሁሉ ቪፒኤን የሚባለውን መተግበሪያ ከጓደኛው እየተቀበለ ስልኩ ላይ ጫነ። ቪፒኤን የሚሠራው የእናንተን ግንኙነት ሁሉ ቆልፎ ወደ ሌላ አገር ሰርቨር በመውሰድ ነው፤ በዚህም ከአገር ውስጥ መስመር ይሰውራችኋል፤ ነገር ግን ቴሌኮሙ ሊያይ ይችል የነበረውን ሁሉ አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ያየዋል። ያ ባለቤት ማን ነው? ከክፍያ ነጻ የሆነውንስ ለምን በነጻ ሰጠ? ፌስቡክ ገዝቶት የነበረው ኦናቮ የተባለው መተግበሪያ ተጠቃሚውን እጠብቃለሁ እያለ በስልኩ ላይ የሚያደርገውን ይሰበስብ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል መደብር እንዲወጣ ሆኗል። ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤንም የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ይሸጥ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ተገልጧል። ስለዚህ ቪፒኤን የተዘጋ ድረ ገጽ ለመክፈት ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ፣ ስሙን መሰወር ለሚያስፈልገው ሰው መጠለያ ሊሆነው አይችልም የሚለው ፍርዳችን የጸና ነው።

ከዚህ የተሻለው ጥበብ ቶር ይባላል። በአንድ ሰው ታማኝነት ላይ የቆመ አለመሆኑ ከሁሉ የሚበልጥበት ምሥጢር ስለ ሆነ፣ አሠራሩን በሚገባ ማስረዳት ያስፈልጋል። አንድ ደብዳቤ በሦስት ፖስታዎች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ፣ በየራሱ ማኅተም ታሽጎ በሦስት መልእክተኞች እጅ ተከታትሎ እንደሚተላለፍ አስቡ። የመጀመሪያው መልእክተኛ ላኪውን ያውቃል፤ የላይኛውን ማኅተም ሲፈታ ግን የሚያገኘው የሁለተኛውን መልእክተኛ አድራሻ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከማን እንደ ተቀበለና ለማን እንደሚያስረክብ እንጂ ላኪውንም ተቀባዩንም አያውቅም። ሦስተኛው የመጨረሻውን ማኅተም ፈትቶ ደብዳቤውን ለተቀባዩ ያደርሳል፤ ከማን እንደ ተነሣ ግን ሊናገር አይችልም፤ አያውቀውምና። እንዲህ ሲሆን ላኪንና ተቀባይን አንድ ላይ የሚያውቅ አንድም መልእክተኛ አይገኝም። ቶር ይህንኑ በምስጠራ ይፈጽመዋል፤ መልእክተኞቹም በልዩ ልዩ አገሮች በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሯቸው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ሐሳቡ የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ውስጥ፣ በፖል ሲቨርሰን፣ በማይክል ሪድና በዴቪድ ጎልድሽላግ ሲሆን፣ በኋላ ሮጀር ዲንግልዳይንና ኒክ ማቲውሰን ከሲቨርሰን ጋር ሆነው ዛሬ ያለውን ቶርን ሠርተውታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም ቶር ፕሮጀክት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይጠብቀዋል። አንድ የጦር ተቋም ለራሱ ያሰበው ነገር ለሕዝብ ሁሉ የተከፈተበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የባሕር ኃይሉ ሰዎች ብቻ ቢጠቀሙበት፣ በመንገዱ የተገኘ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቅ ነበርና፣ መሰወር የሚቻለው በብዙ ልዩ ልዩ ሰዎች መካከል ሲሆን ብቻ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

አጫጫኑ አስቸጋሪ አይደለም። ቶር ብሮውዘር የሚባለውን ፕሮግራም ቶርፕሮጀክት ነጥብ ኦርግ ከሚለው ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ከቴሌግራም ግሩፕ ወይም ከሰው ፍላሽ የተገኘውን አትመኑ። ሲከፈት ተገናኝ የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ጥቂት ይቆያል፤ መንገዱ በሦስት መልእክተኞች እጅ ስለሚዞር ገጾች ዘግይተው ይከፈታሉና ትዕግሥት ይጠይቃል። አልገናኝ ካለ ተስፋ አትቁረጡ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር በኢትዮጵያ መስመር ላይ መዘጋቱን የቶር ፕሮጀክት ባለሙያዎች መርምረው አስታውቀው ነበር፤ የተዘጋውም በመልእክቱ ውስጥ ገብቶ አካሄዱን በሚመረምር መሣሪያ መሆኑን ገልጠዋል። በተለያዩ አገሮች ለሚደርሰው እንዲህ ያለ እገዳ የተዘጋጀው መልስ ድልድይ ይባላል፤ ይኸውም በይፋ ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈ የመጀመሪያ መልእክተኛ ነው። በብሮውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ግንኙነት የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ፣ ስኖውፍሌክ ወይም ኦብፍስ4 የተባሉትን ድልድዮች ለመምረጥ ትችላላችሁ። በዚያው ማስተካከያ የጥበቃውን ደረጃ ከመደበኛው ወደ ከፍተኛው ማሳደግ ይቻላል፤ አንዳንድ ገጽ ባይሠራም ጉዳቱ ትንሽ ነው። በብሮውዘሩ ላይ ሌላ ተጨማሪ ፕሮግራም አትጫኑበት፤ የቶር ብሮውዘር ብልሃት ሁሉም ተጠቃሚ አንድ መልክ እንዲኖረው ማድረግ ነውና፣ የራሱን ጌጥ የጨመረ ሰው ከሌሎቹ ተለይቶ ይታወቃል። በኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ መሄድም እዚህ ላይ አይቀርም፤ ያለዚያ ሦስተኛው መልእክተኛ የደብዳቤውን ቃል ለማንበብ ይችላል።

አሁን በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ወደሚገባው ነገር እንመለስ። ቶር የት እንደምትሄዱ ይሰውራል እንጂ ቶርን እየተጠቀማችሁ መሆኑን ሁልጊዜ አይሰውርም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ፈተና ለማስቀረት የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በቶር በኩል ላከ፤ መርማሪዎቹ ግን ቶርን መፍታት አላስፈለጋቸውም፤ በዚያ ሰዓት በዩኒቨርሲቲው መስመር ቶርን የተጠቀሙት እነማን ናቸው ብለው መዝገቡን ሲመለከቱ ወደ እርሱ ደረሱ፤ እርሱም አመነ። ያ ተማሪ የሠራው ሥራ ጥፋት ስለ ሆነ መያዙ መልካም ነው፤ ትምህርቱ ግን ለንጹሑም ይሠራል። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ባሉበት እንዲህ ከሆነ፣ በድባጤ ከተማ በአንድ ምሽት ቶርን የከፈተው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ ያ ሰው ያነበበው ባይታወቅም ማንነቱ ግን ይታወቃል ማለት ነው። እንግዲህ ድልድይን መጠቀም፣ በራስ ስልክ ሆትስፖት ላይ ብቻ አለመመካት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ሰው ለዘወትር ንባብ እንኳ ቶርን እንዲለምደው ማድረግ፣ ለአንዱ የሚሆነው ጥበቃ የሁሉም እንዲሆን ያደርገዋል። የጤና መረጃ የሚያነብ፣ ጋዜጣ የሚያገላብጥ፣ ስለ ትምህርት ዕድል የሚጠይቅ ሰው ቶርን ሲጠቀም፣ በእውነት መሰወር ለሚያስፈልገው ጎረቤቱ ጥላ ይሆነዋል።

ከዚህም የሚከፋው ጠላት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የገባው ነው፤ የዚህን ታሪክ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙ ሕዝብ ይልቅ በቅርብ እናውቀዋለን። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ሲቲዝን ላብ፣ ግንቦት 7 የተባለውን የተቃዋሚ ድርጅት ሰዎች ፎቶግራፍ እንደ ማታለያ የያዘ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ገለጠ፤ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው ፕሮግራም፣ ሰነድ መስሎ በውጭ አገር ወደሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር መላኩን አስታወቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ በሚል የሐሰት ጥሪ የሚገባ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም በልዩ ልዩ አገሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ዘርዝሮ አሳየ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠቂው መስመር አልተሰበረም፤ የይለፍ ቃሉም አልተገመተም፤ ራሱ ተጠቂው የተላከለትን ፋይል በገዛ ጣቱ እንዲከፍት ተደረገ እንጂ። ፕሮግራሙ አንዴ ከገባ በኋላ የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ ስለሚያይ፣ ቶርም ምስጠራም አያድናችሁም።

ራስን ከእንዲህ ያለው ጥቃት መጠበቅን መማርም ያስጠረጠረበት ጊዜ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የተያዙት፣ ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪዎች ቡድን አባላትና ጋዜጠኞች በሽብር ሲከሰሱ፣ ምሥጢርን መጠበቂያ የሚያስተምረውን ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለውን ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ ተጠቅሶባቸው ነበር። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተነሥቶ ተለቀቁ፤ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ደብዳቤውን ማሸግ የሚማር ሰው ስለ መማሩ ብቻ መጠርጠር እንዳይገባው፣ ይህም በሕዝቡም በባለ ሥልጣኑም ዘንድ እንዲታወቅ ስለምንሻ ነው።

ወደ ገዛ ኮምፒዩተራችን ስንመለስ፣ በአካባቢያችን አብዛኛው ላፕቶፕ የሚሠራው ክራክ በተባለው ያልተገዛ ዊንዶውስ ነው፤ ማሻሻያ አይደርሰውም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚዛመት ቫይረስም የተሞላ ነው። እንዲህ ባለው መሠረት ላይ ቶርን መጫን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ለዚህም እጅግ የሚስማማ መልስ አለ፤ ስሙ ቴይልስ ይባላል። ቴይልስ በፍላሽ ውስጥ የሚኖር ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስኩን ትቶ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ግንኙነቱ ሁሉ በቶር በኩል ያልፋል፤ ሲዘጋም የተሠራው ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ትዝታ ይጠፋል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይም ዱካ አይተውም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካን የስለላ ሰነዶች ለጋዜጠኞች ሲያስረክብ ጥቅም ላይ በመዋሉ በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከቶር ፕሮጀክት ጋር ተዋሐደ። ለድሀ አገር ሰው የተሠራ ያህል የሚመስለን ነገርም አለው፤ ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ይሠራል።

የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽና፣ 64 ቢት የሆነ፣ 3 ጊጋባይት ያህል ራም ያለው ኮምፒዩተር ነው። ፋይሉን ቴይልስ ነጥብ ኔት ከሚለው ድረ ገጽ ታወርዳላችሁ፤ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ መብራትና ኔትወርክ ደኅና የሆነበትን ሌሊት፣ ዳታም የሚረክስበትን ፓኬጅ መምረጥ ይበጃል። እዚያው ድረ ገጹ ላይ ያወረዳችሁት ፋይል በመንገድ ያልተለወጠ መሆኑን የሚመረምር መሣሪያ አለ፤ ይህን ምርመራ አትዝለሉት። ከዚያ መመሪያው እንደሚያሳየው ፋይሉን ወደ ፍላሹ ትጽፉታላችሁ፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ፣ ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩት፣ ወዲያው በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ፣ በኤች ፒ ደግሞ ኢስኬፕን ቀጥሎም ኤፍ 9ን ደጋግማችሁ ብትጫኑ ከየት ልነሣ የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ ከዚያ ፍላሹን ምረጡ። ከእናንተ መካከል አንዱ አንድ ጊዜ ካወረደ ሌላው እንደ ገና ማውረድ አያስፈልገውም፤ ቴይልስ ራሱን ወደ ሌላ ፍላሽ የሚገለብጥ መሣሪያ ይዟልና፣ በታመነ ሰው እጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመተላለፍ ይችላል።

የምትፈልጉትን ሰነድ ለማስቀመጥ በፍላሹ ውስጥ በምስጠራ የተቆለፈ ክፍል መፍጠር ትችላላችሁ። ቁልፉ የይለፍ ቃል ብቻ ስለ ሆነ ቃሉ ጠንካራ ይሁን፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ቢደረደሩ ለመገመት የሚያስቸግር፣ ለማስታወስ ግን የሚቀል ይሆናል። የልጅን ስም፣ የልደትን ዓመት፣ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስም አትጠቀሙ። ለልዩ ልዩ ድረ ገጾች ልዩ ልዩ ቃል ለመያዝ የሚረዳው ኪፓስ ኤክስሲ የተባለው ፕሮግራም በቴይልስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ሆኖም ቴይልስ በሰው ኮምፒዩተር ቤት ውስጥ ሁሉን አይከላከልም፤ በኪቦርዱ ገመድ ላይ የተሰካ ፊደል የሚቀዳ መሣሪያን ወይም ከኋላ ቆሞ የሚያይን ሰው አያስቀርም፤ የባለቤቱንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ኮምፒዩተሩን ከራስ ፍላሽ ማስነሣት ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደው ቀርቶናል፤ እርሱም የገዛ ጠባያችን ነው። በቶር ውስጥ ሆኖ በስሙ ወደ ተመዘገበ ፌስቡክ የገባ ሰው፣ ሦስቱን መልእክተኞች አድክሞ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ስሙን ፈረመ ማለት ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ስፍራና ሰዓት በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ በወርድ የተጻፈ ሰነድም የጸሐፊውን ስም ይይዛል፤ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ይህን የሚያጸዳ መሣሪያ ተጠቀሙ። ከዚህም የሚረቀው ደግሞ የጽሑፉ ቃል ራሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መተከል ምድሯ በንጹሓን ደም በጨቀየበት ወራት፣ በቡለንም በድባጤም ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት ቤተ ሰቡን ባጣበት ጊዜ፣ ያየውን ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይም ለጋዜጠኛ ለመናገር የፈለገ፣ ነገር ግን የቀሩት ልጆቹ እንዳይጎዱበት የሰጋ ሰው መኖሩ የማይቀር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒዩተሩን በሚገባ ቢያሰናዳ እንኳ፣ ሦስት ሰው ብቻ ያየውን ነገር ዘርዝሮ ከጻፈ፣ የቆመበትን ዛፍና የሸሸበትን በር ከገለጠ፣ ማንነቱን የሚያጋልጠው አይ ፒ አድራሻው ሳይሆን ምስክርነቱ ነው። ስለዚህ የሚጽፈውን ከመላኩ በፊት በጠላቱ ዓይን ያንብበው፤ ሰዓቱንና ስፍራውን ፍርድ እንዳይጎድል በሚበቃው መጠን ብቻ ይጥቀስ፤ ከተቀባዩም ጋር ምን እንደሚታተምና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ ይስማማ፤ ባየበት ዕለት ከመጻፍ ይልቅ ቀናት ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

ያው የመከራ ዘመን ሌላም ነገር አሳይቶናል። ስማቸውን የሰወሩ ሰዎች በፌስቡክ ላይ የዘሩት ሐሰትና የጥላቻ ቃል፣ ጎረቤትን ከጎረቤቱ፣ ጉሙዙን፣ ሺናሻውን፣ አገውን፣ አማራውንና ኦሮሞውን እርስ በርሱ ለማፋጀት የዋለ ነው። ስለ ስም መሰወር የምናስተምረው ለዚህ አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለውን ይቀጣል፤ የሚያፋጅ ቃል ስሙ በተሰወረ ሰው ሲጻፍ ኃጢአቱ አይቀንስም። ለተበደለው መናገሪያ እንዲሆን የተሠራ መሣሪያ የበዳይ መደበቂያ እንዳይሆን፣ የሚያስተምር ሁሉ ይህን አብሮ ያስተምር።

በመጨረሻ ልመናችንን የምናቀርበው በድባጤና በመተከል ከተሞች ኮምፒዩተር ቤት ለከፈታችሁ ወንድሞችና እኅቶች ነው። የብዙ ወጣት የትምህርት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂና የዲቪ መለያ ቁጥር በእጃችሁ ያልፋል። ሁልጊዜ ማታ ሱቁን ከመዝጋታችሁ በፊት የብሮውዘሩን መዝገብና ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሁሉ አጥፉ፤ ደንበኞች የተዉትን ፋይል ሰርዙ፤ የዲቪ ማረጋገጫውን አትማችሁ ለባለቤቱ ካስረከባችሁ በኋላ በእናንተ ዘንድ አታስቀሩት። ብሮውዘራችሁ ሲዘጋ መዝገቡን ራሱ እንዲያጠፋ የሚያዝ ምርጫ በፋየርፎክስ ማስተካከያ ውስጥ፣ የግል ጥበቃ በሚለው ክፍል ታገኛላችሁ፤ እባካችሁ ዛሬ ማታ አብሩት።